ጎርጎራ፣ የጥቅምት መጨረሻ

«ወፍ ለማየት ይኼን ሁሉ መንገድ?» ትላለች እናቴ፤ ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ግን ጣና ከዳር ዳሩ መሸሽ ሲጀምር ቤት መቀመጥ አልችልም። ጭቃው ላይ ከአውሮፓና ከሩሲያ የመጡ እግረ ቀጫጭን ወፎች ይሰፍሩበታል።

ቅዳሜ ማለዳ ደንገሉ ሥር ቁጢጥ ብዬ አንዷን አየሁ፤ ረጅም ምንቃሯን እስከ ዓይኗ ጭቃው ውስጥ ሰካች፣ ነቅነቅ አደረገች፣ ትል መዝዛ ዋጠች። የባይኖኩላሬ አንዱ ወገን ስለተሰበረ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማየው።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ ታንኳ የሚቀዝፉ ሽማግሌ። ስነግራቸው ሳቁና በመቅዘፊያቸው ወደ ሽንብራው ማሳ ጠቆሙኝ፤ ከሰሜን መጥተው እዚህ የሚከርሙት፣ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች እየተጣሩ ሊያርፉ ነው።

«እነሱን ከወደድክማ ውሰድልን፤ ዘሩን ለቅመው ጨረሱት!»