የክረምት እድር

እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2017 ዓ.ም. አደረሳችሁ!

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ረቡዕ ላይ ዋለ። ጿሚው ዶሮውን ለሐሙስ አሻግሮታል፣ እዚህ አሜሪካ ሥራ ገብቶ የሚውለው ደግሞ ከነጭራሹ ለቅዳሜ። ልጆቹ አበባየሆሽን ከዩቲዩብ አጥንተው ሳሎን ውስጥ ይዘፍናሉ፣ እኛ ደግሞ ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራብን ከበሮውን ቀስ እናደርጋለን። ብቻ በዓል በዓል ነው። ቤታችሁ ሙሉ ይሁን።

በዚህ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ አደይ አበባና ስለ ናፍቆት ነው። ዛሬ ስለ ገንዘብ ነው። እንዳትሸሹ።

ክረምቱ ምን አድርጎ እንዳለፈ ታውቃላችሁ። ሐምሌ 14 ለ15 አጥቢያ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በሚባል ቀበሌ፣ ዝናብ ሲያርሰው የሰነበተ ተራራ ተንዶ ሰው ቀበረ። ጠዋት ላይ ጎረቤቱ፣ የቀበሌ አመራሩ፣ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው የተቀበሩትን ለማውጣት ተሯሩጦ ሲደርስ ሁለተኛው ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ለሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለእርዳታ የሮጡ መሆናቸው ነው።

ያን ሳምንት ስልኮቻችን ምን ይመስሉ እንደነበር አስታውሱ። ቴሌግራሙም ዋትሳፑም ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው በአካፋና በባዶ እጅ በሚቆፍሩ ሰዎች ቪዲዮ ተሞላ። ወዲያው ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያው) ተከፈተ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዲያስፖራው ለአገሩ ደንታ የለውም የሚል ሰው ካለ ያን ሳምንት አልነበረም ማለት ነው። የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ፣ የኡበር ሹፌር፣ ፓርኪንግ ላይ የሚቆም ልጅ፣ ጎፋን ካርታ ላይ ፈልጉ ቢባሉ የማያገኙት ሁሉ ካርዳቸውን አውጥተዋል። ጅዳና ቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንም ሰጥተዋል። ከደመወዛቸው ጋር ስታስተያዩት የእኛ 50 ዶላር ያሳፍራል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ጊዜው ነው። ሁልጊዜ ከጎርፉ በኋላ ነው የምንነሳው።

አሠራሩን እዩት። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ወዳለ አካውንት ገንዘብ አያስገባም፣ ስለዚህ የሚከፍተው እዚህ ያለ ሰው ነው፣ ብሩም የሚገባው እዚሁ ነው። ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል። ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው በዙም ይሰበሰባል፣ ግማሹ ማይክ መክፈት ይረሳል፣ ግማሹ መዝጋት ይረሳል። በማን በኩል ይላክ? በመንግሥት? በቤተ እምነት? በቀይ መስቀል? በአካባቢው ተወላጆች? እያንዳንዱ ሐሳብ አንድ ተቃዋሚ አያጣም፣ ተቃዋሚውም ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ክርክሩ ሲያልቅ ክረምቱም አብሮ አልቋል።

ቀጥሎ የገንዘብ ማሰባሰቢያው እራት ይመጣል። እራቱን ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም። ድፎ ዳቦ በጨረታ ይቀርባል፣ አንዱ ከኋላ "1,000!" ይላል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ሌላው እልህ ይዞት "1,500!" ይላል። ዳቦውን ያሸነፈው ሰው መልሶ ለጨረታ ይሰጠዋል፣ እንደገና ይሸጣል። በዚያ ሌሊት የሚገባው ቃል ሲደመር ደስ ይላል። ችግሩ ቃል መግባትና መክፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ላይ ነው። የኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ሆናችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። ጨረታው ላይ የጮኸው ሰው ስልክ አያነሳም፣ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ምግቡን ሲበላ ያመሸው ሰው ግን ቼኩን ፖስታ ውስጥ ጥሎ ሄዷል።

ይህ እንግዲህ ዘንድሮ የተጀመረ አይደለም። የዛሬ 18 ዓመት፣ በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሌሊት መጣባት። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ውሃው የወረደው ከሐረርጌ ደጋ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ደረሰበት፣ ከ250 በላይ ሞተ። በነሐሴ ደግሞ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ፣ ዳሰነች ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሰውና እልፍ ከብት ወሰደ። ያኔ ጎፈንድሚ አልነበረም፣ የሚዞረው ካርቶን ሳጥን ነበር። ዋናው ነገር ግን ያው ነው፣ ከተቀበረ በኋላ መሮጥ። አዋሽ እኮ አፋር ውስጥ ዱብቲንና አሳይታን በየክረምቱ ማለት ይቻላል ያጥለቀልቃል። ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ፀሐይ በጠራራ ሰማይ ላይ እያለ፣ ቆላ ላይ ቤት ይገባል። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱም የክረምቱን ትንበያ ግንቦት ላይ ይናገራል። ታዲያ ምኑ ነው ድንገተኛ?

እኛ ደግሞ ቀድሞ መዘጋጀት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። እድሮቻችንን ተመልከቱ። እዚህ አገር ሰው ሲያርፍ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ሰው በሞተ ቀን ነው እንዴ ኮሚቴ የምናቋቁመው? የለም። በየወሩ ይከፈላል፣ ያልከፈለ ይቀጣል፣ ሊቀመንበር አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ሒሳብ መርማሪ አለ፣ ደንቡ ታትሞ በእያንዳንዱ አባል እጅ አለ። ሰው ባረፈ ዕለት የሚያከራክር ነገር የለም። ለሙታኖቻችን እንዲህ የተሰናዳን ሰዎች ለሕያዋኑ በየዓመቱ ከዜሮ እንጀምራለን፣ ይሄ ነው የማይገባኝ።

ስለዚህ የአዲስ ዓመት ሐሳቤ የክረምት እድር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በወር 10 ዶላር፣ ከዚያ አይበልጥ። ሰኔ ሲገባ ገንዘቡ አገር ቤት ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ፣ በማን በኩል እንደሚወጣም በበጋው ተጨቃጭቀን እንጨርስ፣ ለጭቅጭቅ ስምንት ወር ይበቃል። ክረምቱ በሰላም ካለፈ እሰየው፣ ለከርሞ ይደርሳል። በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዲያስፖራው በቀን አንድ ዶላር ይስጥ ሲሉ ሐሳቡን ደግፌ ነበር። ግን ለሁሉም ነገር የሚሆን ገንዘብ የማንም አይመስልም። እድር የሚሠራው ለአንድ ነገር ስለሆነ ነው።

ስለ ምንዛሪም ልንገራችሁ። ናዳው ከደረሰ ከሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 22፣ ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከ100 አልፏል። የቆርቆሮውም የዘይቱም ዋጋ ዝም ብሎ አልተቀመጠምና "እጥፍ ሰጠሁ" ብላችሁ አትኩራሩ። ደግሞም በጓሮ አትላኩ፣ ደረሰኝ ያለው መንገድ ይሻላል።

ልብስ አትላኩ፣ እባካችሁ። ክረምት ጃኬት በኮንቴነር አስጭኖ ቀረጥ ከፍሎ የጎፋ ዞን ከተማ ሳውላ ማድረስ ከጃኬቱ ዋጋ ይበልጣል። እዚያው ሳውላ ገበያ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፣ ከእሱ ይገዛ፣ እሱም ይብላ።

እና መስከረም ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ቪዲዮው ጠፍቷል፣ ጋዜጠኛው ሄዷል። የጎፋ ደጋ ሰው ጓሮ እንሰት ነው፣ እንሰት ደግሞ ተተክሎ ለመብላት ዓመታት ይፈልጋል። ናዳ የበላውን ጓሮ አንድ ኩንታል ዱቄት አይተካውም። የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ማስተባበሪያ ቢሮ ያኔ ከ15,000 በላይ ሰው ከአካባቢው መነሳት አለበት ብሎ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው መሬት፣ ጣሪያ፣ ዘር፣ ለልጆቹ ደብተር ያስፈልጋል፣ ትምህርት ቤትም ሊከፈት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል። ሐምሌ ላይ "እነሱ የእኛ ሰዎች ናቸው ወይ?" የሚል መልእክት የላካችሁልኝ ነበራችሁ። መልስ ያልሰጠኋችሁ ሳላየው ቀርቼ አይደለም።

በሐሳቡ የምትስማሙ "አለሁ" ብላችሁ ጻፉልኝ። የማትስማሙም ምክንያታችሁን ጻፉ፣ በተለይ በእድር ደንብና በሒሳብ ምርመራ ልምድ ያላችሁ እንዳታልፉኝ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እንገናኛለን፣ በአካል ነው፣ ዙም ሰልችቶኛል።

መልካም አዲስ ዓመት! በነሐሴው እራት ላይ ቃል ገብታችሁ ያልከፈላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ በዓል ስለሆነ ገንዘብ ያዡ አይደውልላችሁም። ነገ ግን ይደውላል፣ አንሱለት።