«ጠፍቶ የት ሄደ?» የአጭር ፊልማችን አምስተኛ ወር

ባለፈው የጻፍኩላችሁ ሐምሌ ላይ ነበር። ያኔ ፊልማችን ጭራቅ ነበረው። አሁን የለውም።

ለአዲሶቹ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሦስት ነን፤ ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው፤ ሁላችንም ሌላ የእንጀራ ሥራ አለን። ቅዳሜና እሁድ በስልክ የ12 ደቂቃ አስፈሪ ፊልም እየሠራን ነው። ባለታሪኩ የ8 ዓመት ልጅ ነው። ዓይኔ ይጠፋል ብሎ ይፈራል። (አዎ፣ ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ስሟን ባገኘች ከተማ ተቀምጠን ስለ ጨለማ ፊልም እንሠራለን። ቀልዱ ተቀልዷል፣ አትድከሙ።)

የጭራቁን ነገር ተናግሬ ይውጣልኝ። ከበግ አጎዛ ጭንብል ሰፋን፤ በዓይኑ ቦታ ጥቁር ጨርቅ አደረግን፤ በኩራዝ ብርሃን ቀረጽነው። ለጎረቤት ልጆች ባሳያቸው «በጉ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። የወር ልፋት እዚያው አለቀ።

መውጫውን ያገኘነው ቡና ላይ ነው። እናቴ ስለ አንዲት ዘመዳችን ስታወራ «ዓይናቸው ጠፋ እኮ» አለች። የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ «ጠፍቶ የት ሄደ?» አላት። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ ሲያይ አገኘሁት።

ስንት ጊዜ ብለነዋል ይህን ቃል! እንደ ቁልፍ፣ እንደ በግ፣ ዓይንም ይጠፋል። ለልጅ ደግሞ የጠፋ ነገር የሆነ ቦታ አለ።

ታሪኩን ከዚያ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ልጁ እየተጫወተ በጎቹ የሰው ገብስ ይገቡበታል። ሲጠየቅ «እኔ አይደለሁም፣ ዓይኔ ይጥፋ!» ብሎ ይምላል። ብዙም ሳይቆይ የአያቱ ዓይን ይጠፋል። መሐላው እሱን ስቶ አያቱ ላይ የወደቀ ይመስለዋል። እንግዲህ መሐላው ወደ እሱ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል። ጭራቅ ምን ያደርግልኛል?

አያትየው ወረንጦ አላቸው። ጧት ጧት ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ የሽፋሽፍታቸውን ፀጉር ይነቅላሉ። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ልጁ የሚነቀለው ዓይኑ ራሱ ይመስለዋል። የወረንጦዋን ድምፅ ስንቀዳ ክፍሉ አስተጋባብን፤ ስልኩንም ራሴንም በባና ሸፍኜ ቀዳሁት። አሁን ያቺ «ጢቅ» የምትል ድምፅ አጎዛው ካስፈራው አሥር እጥፍ ታስፈራለች።

እዚህ ላይ አንዲት የዓይን ሕክምና የምታውቅ ነርስ ጽሑፉን አየችልኝና ቀጣችኝ። በመጀመሪያው ድርሰት ልጁን በትራኮማ በአንድ ሌሊት አሳውሬው ነበር። እንዲህ አይሆንም አለችኝ። ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ ደጋግሞ እየያዘ ዓመታት ይፈጃል፤ የዓይን ሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ይጠባሰሳል፤ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይፍቃል። የተነቀለው ፀጉርም ተመልሶ ይበቅላል። የታጠፈውን ሽፋን ቀላል ቀዶ ሕክምና ያስተካክለዋል፤ የጠፋን ብርሃን ግን አይመልስም። ስለዚህ ሕመሙን ለአያትየው ተውኩት።

ለልጁ ያገኘሁለት ነገር ዳፍንት ነው። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ቀን ደህና ያያል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ግን ይደናበራል፣ ምክንያቱም ዓይን በደብዛዛ ብርሃን ለማየት ቫይታሚኑ ያስፈልገዋል። በጎቹን ወደ በረት ሲያስገባ ድንጋይ ያደናቅፈዋል። ዳፍንት ይሁን ፍርሃት አልናገርም።

ስለ ቀረጻው። አምፖል ሥር ምስሉ ብልጭ ብልጭ ሲልብን ሹተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አሰርነው፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ያኔ ተረጋጋ። የኅዳር ውርጭ ባትሪ ይበላል፤ ስልኩን ብብቴ ውስጥ ነው የማውለው። አመሻሽ ላይ ስልኩ ፎከስ እየፈለገ ምስሉን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግብኝ ሁለት ቅዳሜ ተናድጃለሁ። ከዚያ ሳየው የልጁ ዓይን ራሱ ሆኖ ተገኘ፦ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ይስታል። ሆን ብዬ ተውኩት። ለሌሎቹ ትዕይንቶች ፎከሱን ቆልፉት፤ አትሞኙ።

ከሁሉ የምወደው ነሐሴ ላይ ጣርማ በር የቀረጽነው ነው። ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳና መንገዱን ይውጠዋል። ልጁ ነጠላ የለበሰች እናቱን እየተከተለ ነው። ነጭ በነጭ ውስጥ ገባች፣ ጠፋች። እስከዚያ ቀን መታወር ጥቁር ነው ብዬ ነበር የማስበው።

የሚተውነውን ልጅ አላስፈራነውም። እናቱ ሁሌም አጠገቡ ናት፤ ሌሊት የሚመስለውም በአብዛኛው ቀን የተቀረጸ ነው። የመጨረሻውን ትዕይንት ድብብቆሽ እያጫወትን ነው የሠራነው። ግድግዳው ላይ ተደፍቶ፣ ዓይኑን በክንዱ ሸፍኖ እስከ ሃያ ይቆጥራል። «ሃያ!» ይላል።

ጭቅጭቃችን እዚህ ጋ ነው። ጓደኞቼ ክንዱን አንስቶ ሲያይ እናሳይ ይላሉ። እኔ «ሃያ» ካለ በኋላ ክንዱን ሳያነሳ ፊልሙ ያብቃ እላለሁ። ሁለቱንም ቆርጬ አስቀምጫለሁ። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትለቁታላችሁ?