የእስስቷ ምላስ ዝንቧን እስኪይዝ ድረስ

ትናንት ማታ በምሠራው ጌም ውስጥ ያለችው እስስት ምላሷን ወርውራ በመብረር ላይ ያለች ዝንብ ያዘች። ሃያ ጊዜ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ሃያውንም ጊዜ አልሳተችም። ይህን ለማየት ሦስት ሳምንት ስለፈጀብኝ፣ የሄድኩበትን መንገድ የራሳችሁን ጌም ለመሥራት ለምትሞክሩ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

እስስትን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። በንግግራችን አቋም የሌለው ሰው ሁሉ በእርሷ ስም መጠራቱ ይቆጨኛል፤ ሁለት ዓይኖቿን ለየብቻ የምታዞር፣ ቅርንጫፍን እንደ ጉጠት በሚጨብጡ እግሮቿ እየተወዛወዘች የምትራመድ ፍጥረት ከዚህ የተሻለ ዝና ይገባታል። የምመኘው ጌም ዋና ገጸ ባሕርይ እርሷ እንደምትሆን የወሰንኩት ኮድ መጻፍ ሳልጀምር ነው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የምለው ጥቂት ነው። ነፃ የሆነውንና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ጎዶትን መረጥኩ፣ እስስቷን በ32 በ32 ፒክስል ሣልኳት፣ መራመድና ቅርንጫፍ መውጣት አስቻልኳት። የቀረውን ጊዜ የጫካውን ታሪክ በመጻፍ አሳለፍኩ፤ ከጻፍኩት አርባ ገጽ ውስጥ ዛሬ በጌሙ ያለ አንድም ገጽ የለም። ገጸ ባሕርይዋ በባዶ ሜዳ ላይ ስትንቀሳቀስ ደስ ካላለች የትኛውም ታሪክ አያድናትም ብዬ አጥብቄ የማምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያስቸገረኝ ምላሷ ነው። ጎዶት የፊዚክስ ስሌቱን፣ ካልቀየሩት በቀር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ይሠራል። የምላሷን ጫፍ በሰከንድ 1800 ፒክስል እንዲወረወር ስላደረግኩት በአንድ ስሌትና በሚቀጥለው መካከል 30 ፒክስል ይዘላል፤ ዝንቧ 12 ፒክስል፣ የምላሱ ጫፍ ደግሞ 8 ፒክስል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጫፉ በአንዱ ስሌት ከዝንቧ ወዲህ፣ በሚቀጥለው ከዝንቧ ወዲያ ይገኝና ፕሮግራሙ መነካካታቸውን ሳያውቅ ያልፋል። ምላሱን ሳዘገየው ያዘች፣ ነገር ግን የእስስትነቷ ውበት ጠፋ። ዝንቧ እንደተነካች የሚቆጠርበትን ክልል ሳሰፋው ደግሞ ያልነካቻትን ሁሉ መያዝ ጀመረች። ስሌቱን በሰከንድ 240 ጊዜ ሳደርገው ችግሩ ተፈታ፤ አሮጌው ኮምፒውተሬ ግን ሊሸከመው አልቻለም።

በመጨረሻም ጫፉ ከነበረበት እስከ ደረሰበት ቦታ መስመር ዘርግቶ በመካከል ያለውን የሚፈትሸውን ሬይካስት ተጠቀምኩ። ይባስ ብሎ አንድም ዝንብ አልተያዘም። አራት ቀን ሙሉ ስሌቴን ስጠራጠርና ቁጥሮችን ስቀያይር ከቆየሁ በኋላ የግጭት ቅርጾችን፣ ማለትም ነገሮች መነካካታቸው የሚሰላባቸውን የማይታዩ ድንበሮች፣ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን አማራጭ ከፈትኩ፤ መስመሩ በዝንቧ መሐል ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት። ዝንቧን የሠራኋት ኤሪያ በሚባለው፣ ነገር ሲገባበት የሚያውቅ እንጂ በማያግድ የክልል ዓይነት ነበር፤ ሬይካስት ደግሞ ካልታዘዘ በቀር ኤሪያን አይፈትሽም። መፍትሔው በሬይካስት ማስተካከያዎች መካከል ያለች አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር። መስመር ውፍረት ስለሌለው ጠርዟን ብቻ የነካ ውርወራ አሁንም ያመልጥ ስለነበር፣ በኋላ ውፍረት ባለው ሼፕካስት ተካሁት፤ እዚያም ያችው ሳጥን እንዳለች ልብ በሉ።

ቁጥር ከመቀያየራችሁ በፊት የማይታየውን ነገር እንዲታይ አድርጉ እላለሁ። የማስተማሪያ ቪዲዮዎችን ከመከታተል ይልቅ የፕሮግራሙን መመሪያ ማንበብ እንደሚበልጥም አምናለሁ፤ የሳጥኗ ነገር እዚያ በግልጽ ተጽፏል። ይሁን እንጂ እኔ ራሴ መመሪያውን የከፈትኩት አሥራ አንድ ቪዲዮ ካየሁ በኋላ ነው፤ ትናንትም አዲስ ነገር ለመጀመር እጄ የሄደው ወደ ቪዲዮ ነበር።

አሁን የያዝኩት ቀለሟን ነው። መጀመሪያ ቀለም መለወጥን ከጠላት መደበቂያ ላደርገው አስቤ ነበር። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀለሟ የሚለወጠው በቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲቀራረቡና ሲራራቁ መሆኑን እንዳሳዩ፣ በተለይም ለውጡ ከመደበቅ ይልቅ ለመግባቢያና ሙቀትን ለመቆጣጠር እንደሚያገለግል ሳነብ ሐሳቤን ቀየርኩ። በጌሙ ውስጥ ቀለም ቋንቋዋ ይሆናል፤ ሌላ እስስት ቅርንጫፏን ሲጋፋት ተጫዋቹ ሳይዋጋ በቀለም ይመልሰዋል። ቀለም መለየት የሚቸግረው ተጫዋች ይህን እንዴት ያነበዋል የሚለው አሳስቦኝ፣ ከቀለሙ ጋር አብረው የሚሰፉና የሚጠቡ ሸንተረሮችን በጎኗ ላይ እየሣልኩ ነው። ለቁጣ የሚሆኑት ሦስቱ አልቀዋል፤ የእርጋታው ገና አላረካኝም።