ለብሻለሁ ወይስ እየለበስኩ ነው?

ዛሬ እንግሊዝኛ ጉድ ሠራኝ። አንዲት ደንበኛ ጋር ካፌ በር ላይ ተቀጣጥረን፣ ደወለችና ምን እንደለበስኩ ጠየቀችኝ። እኔ ሆዬ «ጥቁር ጃኬት ለብሻለሁ» የሚለውን አማርኛ እንዳለ ገልብጬ «አይ ሃቭ ዎርን ኤ ብላክ ጃኬት» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አሁንስ?» አትለኝም!

ለካ እሷ የሰማችው «ጥቁር ጃኬት ለብሼ አውቃለሁ» የሚል ነው። ማታ ሳስበው ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጃኬቱ ትከሻቸው ላይ እስካለ ድረስ «አይ አም ዌሪንግ» ነው የሚሉት፤ እኛ ግን «እየለበስኩ ነው» ካልን ገና አንዱን እጅጌ እየፈለግን ነው። መቀመጥም እንደዚሁ። በአማርኛ «እየተቀመጥኩ ነው» የሚል ሰው ቂጡ ገና ወንበር አልነካም፣ «አይ አም ሲቲንግ» የሚለው ግን ተመቻችቶ ቡናውን እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ይሄን ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም፣ «ግሱ ላይ ኢንግ ጨምሩበት» ብቻ ነበር።

እማዬ ደውላ ምን እየሠራህ ነው ስትለኝ «ተኝቻለሁ» አልኳት። «ተኝተህ ነው የምታወራኝ?»