ለጊቢ የተገዛ ላፕቶፕ ችግር ሲያመጣ

አዲስ አበባ ውስጥ ለተማሪ የሚገዛው ላፕቶፕ በአብዛኛው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ «ስላይትሊ ዩዝድ» ነው፤ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ። ውጭ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት ዓመት አገልግለው በጅምላ የተሸጡ ማሽኖች ናቸው። ምርጫው መጥፎ አይደለም፤ በዚያው ዋጋ ከሚገኝ ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ እነዚህ ይጠነክራሉ። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ላፕቶፑ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲወጣ በጥድፊያ ይገዛል፣ ቤት ውስጥ ፊልም ይታይበታል፣ ከዚያ ጅማ ወይም ጎንደር ይሄዳል። ጉድለቱ የሚወጣው አሳይመንት ሲጀመር ነው፤ ያኔ ሱቁ ሩቅ ነው፣ የመመለሻ ቀኑም አልፏል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ቀኑ የሚቆጠረው ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ ነው። ሱቁ የሦስት ወር ወይም የአንድ ዓመት ዋራንቲ ከሰጠ ደግሞ እሱ በተጨማሪ ይሠራል። ስለዚህ ፍተሻው የሚደረገው ሻንጣ ከመታሸጉ በፊት፣ ቢቻል በገዛችሁበት ሳምንት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው መቆለፉ ነው፤ ከሌሎቹ ጉድለቶች ሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። የድርጅት ላፕቶፕ ዊንዶውስ አውቶፓይለት በሚባለው አሠራር በቀድሞው መሥሪያ ቤት ስም ተመዝግቦ ሊቀር ይችላል። ሻጩ ዊንዶውሱን ያለ ኢንተርኔት ስለሚጭነው ምንም አይታይም። ተማሪው ከወራት በኋላ ፎርማት አድርጎ ዋይፋይ ሲያገናኝ ግን የማያውቀው ኩባንያ ስም ስክሪኑ ላይ ይመጣና የሠራተኛ ኢሜይልና ፓስወርድ ይጠይቀዋል። ይህን አስቀድሞ ማወቂያው አስተማማኝ መንገድ ይኸው፦ ከሴቲንግ ውስጥ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ብሎ ሁሉንም ማጥፋት፣ እንደገና ሲነሳም የስልክ ሆትስፖት ማገናኘት። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሻጩ «ምን ያደርግላችኋል» ቢልም አድርጉት። ማክቡክ ከሆነ ደግሞ ተጠርጎ ኢንተርኔት ላይ ሲነሳ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ መምጣት የለበትም፤ የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንትም መውጣት አለበት። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ፣ ስትገቡ ፓስወርድ ከጠየቀ፣ ወይም «ኮምፒውትሬስ» አለዚያም «አብሶሉት» የሚለው ቦታ ላይ (ድርጅቶች ላፕቶፓቸውን ከርቀት የሚከታተሉበት ነው) «አክቲቬትድ» የሚል ካያችሁ አትቀበሉ። «እንከፍተዋለን» የሚለውን አትስሙ፤ በአቋራጭ የታለፈ አውቶፓይለት በሚቀጥለው ፎርማት ይመለሳል፣ የአዳዲሶቹ ሞዴሎች የባዮስ ፓስወርድም የማዘርቦርዱን ትንሿን ባትሪ ነቅሎ በመመለስ አይጠፋም።

ቀጥሎ ማንነቱ። ዴል ከሥሩ ባለ 7 ሆሄ ሰርቪስ ታግ አለው፤ ያው ቁጥር ባዮስ ውስጥም ይገኛል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ወይ ማዘርቦርዱ ወይ የታች ክዳኑ ተቀይሯል ማለት ነው። ፊት ለፊት የተለጠፈውን «ኮር አይ 7» የሚል ስቲከርም ብቻውን አትመኑ። የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ አይ 7 መጨረሻው ላይ «ዩ» ካለበት ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፤ የ8ኛው ትውልድ አይ 5 ዩ አራት አለው። ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 በሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም ለማለት ይቻላል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ዋጋ መቀነሻ ነው።

ባትሪውን ስክሪኑ ላይ በሚታየው መቶኛ አትለኩት፤ 100 ፐርሰንት የሚያሳይ ባትሪ በ40 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና በእንግሊዝኛ «ፓወር» ብላችሁ ሳትለያዩ «ሲ ኤፍ ጂ» ጨምሩበት፤ አንድ ክፍተት፣ እዝባር፣ ከዚያ «ባትሪሪፖርት» አንድ ላይ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ሪፖርቱ የት እንደተቀመጠ እዚያው ይነግራችኋል። ውስጡ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ»። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 31,000 ሚሊዋት ሰዓት ቢሆን ባትሪው 62 በመቶ ቀርቶታል። በእኔ ግምት ለስላይትሊ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ደህና ነው፤ ከ60 በታች ከሆነ ሱቁ ባትሪ ይቀይር ወይም ዋጋ ይቀንስ። ታችፓዱ ከፍ ካለ ወይም ሲጫኑት ካልወረደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ባትሪው አብጧል። አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ በጣታችሁ ተጭናችሁ ለመመለስ አትሞክሩ።

«ማዘርቦርዱ ነው» ተብሎ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት፣ ግን ቻርጀር ብቻ የሆነ ችግር አለ። ክብ ጫፍ ያለውን የዴል ቻርጀር ብታዩት መሐሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ላፕቶፑ የቻርጀሩን ዋት የሚያነበው በሷ ነው። መርፌዋ ከተጣመመች ወይም ቻርጀሩ ኮፒ ከሆነ ሲነሳ የአዳፕተሩ ዓይነት አልታወቀም የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ባትሪው አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ተማሪው የሚያየው ግን «ዘገየ፣ ስታክ ያደርጋል» ብቻ ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፈቱ፤ ሥራ በዝቶበት እንኳ ፍጥነቱ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ተቸንክሮ ከቀረ ከሰው ኦሪጅናል ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ። ከተስተካከለ ክርክራችሁ ስለ ቻርጀር ነው። ካልተስተካከለ የቻርጀር መሰኪያው ወይም ቦርዱ ነው፤ ያኔ ማሽኑ ይመለስ። ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍም አባዙት፦ 19.5 ቮልት በ3.34 አምፒር 65 ዋት ይሆናል። 90 ዋት የሚፈልግን ማሽን በ45 ዋት ማንቀሳቀስም ያንኑ ያደርጋል።

በሙቀት የሚመጣ መዘግየት ሌላ ነው። ሲከፈት ደህና ሆኖ ከ20 ደቂቃ ሥራ በኋላ የሚቀንስ፣ ፋኑም የሚጮህ ከሆነ አቧራና የደረቀ ተርማል ፓስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሳልፈው ቅባት) ነው። ይህ ጥገና ቤት በቀላሉ የሚሠራው ስለሆነ ለዚህ ብላችሁ ከሱቁ ጋር አትጣሉ።

ከሱቅ ጋር ስትነጋገሩ «ይዘገያል» ከማለት የማሽኑን የራሱን ምርመራ ይዞ መሄድ ይሻላል። ዴል ላይ ሲነሳ ኤፍ 12 ደጋግማችሁ ተጫኑና «ዲያግኖስቲክስ» ምረጡ፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 2 ነው። ሃርድ ዲስኩ ከተበላሸ ዴል 2000-0142 የሚል ኮድ ያወጣል፤ ኤችፒ ደግሞ 24 ሆሄ ያለው የብልሽት መለያ ይሰጣል። ራሙን በረጅሙ ምርጫ ፈትኑ፣ አጭሩ ብዙ ያልፈዋል። ስክሪኑ የሚርገበገብ ከሆነ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ፤ በአንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ከመጣ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ኬብል ነው። በኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥን ላይ ስታገናኙት እዚያም መርገብገቡ ከታየ ግን ግራፊክሱ ወይም ቦርዱ ነው፤ ስክሪን መቀየር አይፈታውም። ዴል ላይ «ዲ» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ይዛችሁ ስታበሩት ስክሪኑ ራሱን በተለያየ ቀለም ይፈትሻል።

ወደ ወረቀቱ እንሂድ። «አንድ ላፕቶፕ» የሚል ደረሰኝ ምንም አይረዳም። ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ራሙና ኤስኤስዲው (ፋይል የሚቀመጥበት)፣ የዋራንቲው ቀን ይጻፍበት። በቴሌብር ወይም በባንክ ክፈሉ፣ ምክንያቱ ላይም ሞዴሉን ጻፉ። ጉድለቱን ስታገኙ ያኔውኑ በቴክስት ወይም በቴሌግራም ለሻጩ አሳውቁ፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ከሥሩ ካለው ሲሪያል ቁጥር ጀምሮ እስከ ጉድለቱ ድረስ ሳይቆረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሱቁ ብሎኑ ላይ የለጠፋትን ማኅተም ግን አትንኩ፤ ከተቀደደች «እናንተ ከፍታችሁታል» ይባላል።

ሱቁ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለው «ተዉልን፣ እናሠራዋለን» ነው። ባትሪ፣ ኪቦርድ፣ ራም ወይም ኤስኤስዲ ከሆነ ይሁን፤ ተነቅለው የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው። የማዘርቦርድ ብየዳ ከሆነ ግን በ15ቱ ቀን ውስጥ እያላችሁ አትስማሙ፤ ይቀየር ወይም ብሩ ይመለስ በሉ። የምትተዉት ከሆነ ፋይላችሁን ገልብጡ፣ ከአካውንታችሁ ውጡ፣ የተረከቡበትን ቀንና የራሙንና የኤስኤስዲውን መጠን አስፈርሙ። ባለ 16 ራም ገብቶ ባለ 8 የወጣበት ታሪክ መርካቶ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ቦታ አለ። ካልተግባባችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ሱቁ ያለበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ አንዳንዱ ሻጭ ይህን ልታደርጉ መሆኑን ሲሰማ ብቻ ይለሰልሳል።

ካምፓስ ከደረሰ በኋላ ሙሉ በሙሉ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ከመላኩ በፊት አንድ ነገር ይሞከር፦ ቻርጀሩን ነቅሎ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ ቻርጀር ሰክቶ ማብራት። ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ያሰረው ከሆነ ይነሳል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ፍተሻው እዚያው ይደረግ። አማዞን «ሪኒውድ» (የታደሰ) ብሎ ለሚሸጣቸው ያገለገሉ ዕቃዎች የተለመደው ዋስትና 90 ቀን ነው፤ ሰው እስኪገኝ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ አዲስ አበባ ሲደርስ ያልቃል። ዘመዳችሁ ሣጥኑን ይክፈት፣ ሪሴት አድርጎ ዋይፋይ ያገናኝ፣ የባትሪ ሪፖርቱን ፎቶ ይላክላችሁ። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተጻፈ እኛ አገር ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የሚቀየረው ሶኬቱ ብቻ ነው። ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣ ማምጣት ይሻላል፤ ለብቻው የተገዛ ትርፍ ባትሪ ካለ ደግሞ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ መሄድ አይፈቀድለትም።