ጉድጓዱስ ተቆፈረ፣ ነዳጁን ማን ይግዛ?

በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «ለድርቅ አካባቢ የውሃ ጉድጓድ እናስቆፍር ብለን መዋጮ ጀምረናል፣ ስንት ብር ይበቃል?» የቢሮ ባልደረቦች አሉ፣ አብረው የተማሩ አሉ፣ ውጭ አገር ያለ ማኅበር አለ። አንዷ እንዲያውም የልደቴን ወጪ ለዚህ ላውለው ብላ ነው የጻፈችልኝ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ጽፌው ሊንኩን ልላክ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ፣ መሐንዲስ አይደለሁም። የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። በ2015 ቦረና በድርቅ ሲመታ ጓደኞቼ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩና «አንተ ሂሳብ ታውቃለህ» ተብዬ ብሩን እንድይዝ ተደረግኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ከዚያ ኃላፊነት የሚያወርደኝ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ነገሩን የማውቀው በፕሮፎርማና በደረሰኝ በኩል ነው። በደረሰኝ በኩል ሲታይ ደግሞ ብዙ ነገር ሌላ መልክ አለው።

ያንን ድርቅ የምታስታውሱት ይመስለኛል። ቦረና በዓመት ሁለት ዝናብ ይጠብቃል። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ሀገያ የሚሉት አጭሩ ደግሞ በመስከረምና በኅዳር መካከል። ከ2013 መግቢያ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። አንድ ሲከሽፍ ሰው ይችለዋል፣ ሁለት ሲከሽፍ ከብት ይሸጣል፣ አምስት ሲሆን የሚሸጥ ከብትም የሚገዛ ሰውም የለም። ቤቱ በከብት የተሞላ አባወራ ዱብሉቅ የተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ በቴሌቪዥን አየን። አገሩ ሁሉ ተነሳ። የኛ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀናት ስክሪንሾት ብቻ ነበር፣ የሃምሳ ብር፣ የአምስት መቶ ብር፣ የአስር ሺህ ብር። ስክሪንሾት የማይልክ ሰው እንደ ሰረቀ ነበር የሚታየው፣ እውነቴን ነው።

ያኔ የተሰበሰበው ገንዘብ የሄደው ለሳርና ለቦቴ ነው። ተገቢም ነበር። የተጠማ ሰው ፊት ቆመህ ውሃው ከመሬት ስር የት እንዳለ የጂኦፊዚክስ ጥናት እናስጠናለን አትልም። ግን የቦቴ ውሃ ሮቶው ባዶ ሲሆን አለቀ ማለት ነው። «ዘላቂ መፍትሄ» የሚለው ቃል ግሩፓችን ውስጥ የገባው ያኔ ነው። ዘላቂ መፍትሄ ማለት ደግሞ ለሁሉም ሰው ጉድጓድ ነው።

እሺ፣ ጉድጓድ። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የምትለጥፏት ፎቶ ላይ ያለችው የእጅ ፓምፕ፣ ልጆች ተሰብስበው የሚስቁባት፣ አብዛኛው ቦረና ላይ አትሰራም። በየገጠሩ የምናያት አፍሪዴቭ የምትባለዋ ፓምፕ ውሃ የምታወጣው ቢበዛ ከ45 ሜትር ጥልቀት ነው። ቦረና ቆላው ላይ በማሽን የሚቆፈረው ጉድጓድ በመቶዎች ሜትር ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ መሬት ውስጥ የሚወርድ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ፓምፑ ጄኔሬተር ወይም ሶላር ይፈልጋል፣ ከዚያ ሮቶ፣ ቦኖ፣ የከብት ማጠጫ ገንዳ። ቁፋሮው የወጪው መጀመሪያ እንጂ ወጪው ራሱ አይደለም። በሚሊዮኖች ብር የምንነጋገረው ለዚህ ነው። ፓምፑና ኬብሉ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ደግሞ በ2016 ሐምሌ ላይ የምንዛሬው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ፕሮፎርማው ራሱ እንደ ቲማቲም ዋጋ ሆኗል፣ ሳምንት ሳይሞላው ይሻራል።

ቁፋሮው ደረቅ ሊወጣ እንደሚችልም ለሰጪዎቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ማሽኑ መጥቶ፣ ቆፍሮ፣ ውሃ ካልተገኘም ኮንትራክተሩ ይከፈለዋል። ይሄን ደብቃችሁ ገንዘብ አትሰብስቡ፣ በኋላ «የት ገባ ብሩ?» ሲመጣ የምትገቡበት ትጠፋላችሁ። ውሃ ተገኘ ማለትም የሚጠጣ ውሃ ተገኘ ማለት አይደለም። ጨው ሊሆን ይችላል። ወደ ስምጥ ሸለቆ ጠጋ ካላችሁ ፍሎራይድ አለ፣ መቂና ዝዋይ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የምታዩት ቡናማ ነገር ከውሃው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። የላብራቶሪ ምርመራ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው፣ ግን በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ከቦረናዋ ያቤሎ ከተማ ወደ ደቡብ ስንወርድ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የመደበልን ልጅ አንድ ጉድጓድ አሳየን። ጉድጓዱ አለ። የጄኔሬተር ቤቱ ቆርቆሮ ገና ያብረቀርቃል፣ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የለጋሹ ስም ያለበት ሰሌዳ በሚያምር ቀለም ተጽፎ ቆሟል። የቦኖው ቧንቧዎች በከመነዳሪ ቁራጭ ጥርቅም ተደርገው ታስረዋል፣ ገንዳው ውስጥ ደረቅ የፍየል በጠጥ አለ። ሁለት ሴቶች ከዚያው ሰሌዳ ስር ጀሪካናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የሚጠብቁት ጉድጓዱን አይደለም፣ ውሃ የሚሸጠውን አይሱዙ ነው። ጥላ ያለው እዚያ ስለሆነ ነው ሰሌዳው ስር የተቀመጡት።

ምን ሆኖ ቆመ? መጀመሪያ ነዳጅ አለቀ። ከዚያ ነዳጅ ሲገዛ ባትሪው ሞቶ ተገኘ። ባትሪ ሲመጣ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ሳጥን ተቃጠለ። ሳጥኑን የሚጠግን ሰው ከሩቅ ከተማ ነው የሚመጣው፣ አበል ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል። እንግዲህ ይሄ ሁሉ አዲስ ጉድጓድ ከማስቆፈር ጋር ሲነጻጸር ሽርፍራፊ ነው፣ ግን ለሽርፍራፊው የሚሰጥ የለም። «የተቃጠለ ሳጥን እናስጠግን» ብለህ ፖስት አድርግና ስንት ላይክ እንደምታገኝ እየው።

አንድ ሽማግሌ መጡ። ልጁ በኦሮምኛ አስተዋወቀንና ለጉድጓድ ገንዘብ የሚሰበስቡ ናቸው አላቸው። ሰላምታው ረጅም ነው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰዉ፣ ስለ መንገዱ ጠያየቁን። ከዚያ የተናገሩትን ልጁ እንዲህ ብሎ ተረጎመልን። «ከናንተ በፊት የመጡትም ጥሩ ሰዎች ነበሩ። እናንተ ስትሄዱ ነዳጁን ማን ይገዛል?»

እኛ ጋ መልስ አልነበረም። ይሄ ደግሞ የቦረና ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በየትኛውም ጊዜ ብትቆጥሩ ከአራት የእጅ ፓምፖች አንዱ ገደማ አይሰራም፣ የእጅ ፓምፕ ደግሞ ቀላሉ ነው።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ሽማግሌው የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አለመሆኑ ነው። ቦረና ውሃ ማስተዳደር ከማንም አይማርም። ቱላ የሚባሉት የጥንት ኤላዎች፣ ማለትም የውሃ ጉድጓዶች፣ አሉ፣ ዱብሉቅ፣ ወብ፣ መልባና። በእጅ የተቆፈሩ ናቸው፣ ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ከብቱ በተቆፈረ መንገድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ በታች ባለው ጉድጓድ ውስጥ ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ወደ ገንዳ ያወጣሉ። ኤላው ባለቤት አለው፣ መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው ዘር ነው። የየዕለቱን ተራ የሚያስይዝ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊም አለው። የማን ከብት ዛሬ ይጠጣል፣ የማን ነገ፣ ጉልበት ያላዋጣው ማነው፣ ገንዳውን ያላጸዳው ማነው፣ ሁሉም በሱ እጅ ነው። ለሰው መጠጥ አይከለከልም፣ ለከብት ግን ተራ አለ። በበጋ የቦረና ከብት በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚጠጣው፣ ስለዚህ ተራ ማዛባት ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ አስቡት፣ ይሄን የመሰለ ሥርዓት ካለው ሕዝብ አጠገብ በማሽን ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የውሃ ኮሚቴ ተብሎ ሰባት ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይመረጣል፣ ማኅተም ይሰጣቸዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያልቃል። አባ ሄሬጋውን የጠየቀው የለም።

ካልጠየቃችሁት ደግሞ ቦታውን ትሳሳታላችሁ። ይሄ ለከተማ ሰው በቀላሉ አይገባም፣ ለኔም ያስረዳኝ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ልጅ ነው። ቦረና የዝናብ ጊዜ ግጦሽና የበጋ ግጦሽ ለይቶ ነው የሚኖረው። የዝናብ ጊዜው ግጦሽ የሚያርፈው በበጋ እዚያ ውሃ ስለሌለ ነው። ደግ ሰው ሄዶ እዚያ መሃል ጉድጓድ ሲቆፍርለት ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ይሰፍርበታል፣ ሳሩ ያልቃል። ከዚያ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ውሃ አጠገብ ቆሞ በረሃብ ይሞታል። በዚያ ድርቅም ከብቱን በብዛት የጨረሰው የሳር እጦት ነው። የውሃ ችሮታ ሳር ሊገድል ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ስለዚህ የኛ ግሩፕ አሁን የሚሰበስበው ለአዲስ ጉድጓድ አይደለም። ለተበላሸ ጥገና፣ በደለል ለተሞላ ኤላ ጠረጋ፣ ለተሰነጠቀ የከብት ገንዳ ሲሚንቶ። አዲስ ቁፋሮ ለመንግሥትና ለትልልቅ ድርጅቶች ብንተወው ይሻላል ባይ ነኝ፣ የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ፣ ክርክሩ አላለቀም። ከአሁን በኋላ ግን የግድ ጉድጓድ ካላችሁ፣ ከሰበሰባችሁት ላይ ለመለዋወጫና ለባለሙያ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሶላር ከሆነ ነዳጅ አይጠይቅም ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ግን የሶላሩን ኃይል ለፓምፑ የሚቀይረው ኢንቨርተርም ይቃጠላል።

ሰጪውን ማሳመን ከባድ ነው እንጂ አይቻልም አልልም። ሜሪላንድ ያሉ አንዲት ትልቅ ሰው ለእናታቸው ሙት ዓመት ድግስ ያሰቡትን ገንዘብ ለውሃ ላውለው አሉ። ደወልኩላቸው።

«ልጄ፣ ሰሌዳው ላይ የእማዬ ስም ይጻፍልኛል አይደል?»

«እትዬ፣ የእርስዎ ገንዘብ የሚውለው ለፓምፕ ነው። ፓምፑ ደግሞ መሬት ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

«ስንት ሜትር?»

«ከሁለት መቶ ሜትር በላይ።»

ትንሽ ዝም አሉና «እማዬም እዚያው ናት፣ እሷ ታነበዋለች» አሉኝ። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። ፓምፑ ላይ በቀለም አስጽፈን፣ ከመውረዱ በፊት ፎቶ አንስተን ላክንላቸው።

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አካውንት በቀጥታ አይከፍልም፣ ስለዚህ አካውንቱን የሚከፍተው እዚያ ያለ ሰው መሆን አለበት። አሜሪካ ከሆናችሁ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 በመቶና 30 የአሜሪካ ሳንቲም ይቆረጣል። ብዙ ሰው አምስት አምስት ዶላር ከሚሰጥ ጥቂት ሰው በዛ አድርጎ ቢሰጥ የሚቆረጠው ያንሳል፣ ይሄን አስሉት። የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነ፣ ብሩ በማን በኩል እንደሚገባ መጀመሪያ በጽሑፍ አስፍሩ። ወዳጅነት በገንዘብ ነው የሚበላሸው።

አሁን በእጃችን ያለው ያ በከመነዳሪ የታሰረው ቦኖ ነው። የመቆጣጠሪያ ሳጥንና ሁለት ባትሪ። አባ ሄሬጋው የተራው ደብተር በእሳቸው እጅ እንዲሆን ከኮሚቴው ጋር ተስማምተዋል፣ ለነዳጅ ከየቤቱ የሚዋጣውን ራሳቸው ተነጋግረው ወስነዋል፣ እኛ አልገባንበትም። የጎደለን ከግማሽ በታች ነው። ፕሮፎርማው የሚሰራው እስከ አርብ ብቻ ነው ብለውናል፣ ማየት የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።