በሁለት ጾም መሀል አንድ ኪሎ ሥጋ

ድሬዳዋ ላይ በዐቢይ ጾም ሥጋ ልብላ ብትል የሚከለክልህ የለም። ገዝተህ ቤትህ ማድረሱ ነው ጣጣው።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ባሰ። ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 17 ገባ፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ረመዳን ተከተለ። የግራ ጎረቤቶቼ 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ተለያይተዋል። የቀኝ ጎረቤቶቼ እስከ መግሪብ ውሃ እንኳን አይቀምሱም። መሀል ላይ እኛ ፕሮቴስታንቶቹ አለን፣ ምንም ያልተከለከልን። ወጥ በቅቤ ሲቁላላ ሽታው ጾመኛ እንዳያስቸግር መስኮት እንዘጋለን። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ በመጋቢት መስኮት ዘግቶ ወጥ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መጾሙ ይሻላል።

እኔ የደምቢ ዶሎ ልጅ ነኝ። የፕሬስቢቴሪያኑ ሚሲዮናዊ ዶክተር ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 የገቡበት አገር ነው። የእኛ ቤቴል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ብትዋሐድም ያደግንበት ልማድ አልለቀቀንም። ነገር ሁሉ በሽማግሌዎች ጉባኤ ያልቃል። ፓስተር ይሰበስባል፣ ይጸልያል፣ ከዚያ የተወሰነውን ይፈጽማል።

ያን ሰሞን እሁድ ስለ ጾም አስተማርኩ። የተሐድሶ አባቶች ዐቢይ ጾምን ለምን ግዴታ እንዳላደረጉት ስናገር የስዊዘርላንዷን ከተማ፣ የዙሪክን ታሪክ አነሳሁ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1522፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ፍሮሻወር የሚባል አታሚ ሥራ ላደከማቸው ሠራተኞቹ ቋሊማ ቆርጦ አደለ። የከተማው ሰባኪና የተሐድሶው መሪ ዝዊንግሊ እዚያው ቤት ነበር፤ እሱ ግን አልቀመሰም። በኋላ ስለ ምግብ ነፃነት ሰበከ፣ ከተማውም ታመሰ። እኔ ማስተማር የፈለግኩት የኅሊናን ነፃነት ነው። ሽማግሌዎቻችን ይዘው የወጡት ቋሊማውን ነው።

ከአገልግሎት በኋላ ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኛ ሽማግሌያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሐሙሱ ስብሰባ ፓስተር ቤት አይደል? ትምህርቱን በተግባር ብናየው ምን ይመስላችኋል?» እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ባለቤቴ እዚያ አልነበረችም።

ሐሙስ ከሰዓት ሥጋ ፍለጋ ወጣሁ። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ጾሙ ከገባ ጀምሮ ዝግ ናቸው። ስለዚህ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያለ ደንበኛዬ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ከንፈሩ ደርቋል። ቢላውን እየሳለ ቀና ብሎ አየኝ።

«አቦ ፓስተር! በዚህ ሰዓት መጥተህ እኔን የምትፈትነኝ ምን አድርጌህ ነው?»

ድሬ ላይ ፓስተርም ሼኽም «አንተ» ነው፤ ደምቢ ዶሎ ቢሆን ጉድ ይባል ነበር።

«ሥጋው ለስላሳ ነው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ! ከመግሪብ በኋላ ደውልልኝና እነግርሃለሁ።»

አንድ ኪሎ መዘነልኝ። ጾመኛ በሞላበት መንገድ ሥጋ አንጠልጥሎ መሄድ ደግሞ ደስ አይልም። ጥቁሩን ፌስታል የመጽሐፍ ቅዱሴ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩና መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቴ ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ፌስታሉ ስላበጠ ዚፑ እስከ መጨረሻው አልሄደም።

ሰፈራችን ከዚራ ስንደርስ የለቅሶ ድንኳን አየሁ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜ ጠግበው ያረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ቢሆንም ድንኳን አይቶ ዘግቶ ማለፍ የለም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ልወጣ ገባሁ። ማን ያስወጣኛል? ምንጣፉ ላይ፣ በሁለት ሽማግሌዎች መሀል አስቀመጡኝ። ቦርሳዬን ከጎኔ አደረግኩ።

ንፍሮ መጣ። የተዋሕዶዎቹ እናቶች «ገና አልፈታንም» አሉ። ሙስሊሞቹ በእጃቸው ደረታቸውን ነክተው አሳለፉት። ሳህኑ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ቆመ። «ለፓስተር ስጡት፣ እሱ ይበላል!» ድንኳን ሙሉ ሰው ዝም ብሎ እኔ ብቻ ንፍሮ ሳኝክ አስቡት። ሽምብራው ደግሞ በደንብ አልበሰለም። በነከስኩ ቁጥር ቋ ይላል።

ድመቷ የመጣችው ይሄኔ ነው። ቢጫ፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ። ድንኳኑን አንድ ጊዜ ቃኘችና ቀጥ ብላ ቦርሳዬ አጠገብ ተቀመጠች። በክርኔ ገፋ አደረግኳት። ተመልሳ መጣች። ትንሽ ቆይታ ጓደኛዋን ጠራች መሰለኝ፣ ሁለት ሆኑ።

በቀኜ ያሉት ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩዋቸው። «ፓስተር፣ እነዚህም ቃሉን ርቧቸዋል።»

«ፍጥረት ሁሉ...» ብዬ ጀመርኩ። መጨረስ አልቻልኩም። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እማማ ደረታቸውን መቱ።

«ኧረ ልጄ፣ ቦርሳህ እየደማ ነው!»

እውነትም ከቦርሳው ጥግ ቀይ ጠብታ ምንጣፉ ላይ ወርዷል። ቦርሳውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ባለ አንድ ጆሮዋ ቀደመችኝ። ጥፍሯን በተከፈተው ዚፕ ሰድዳ የፌስታሉን ጫፍ ጎተተች። ፌስታሉ ተቀደደ። የቀፊራው ሥጋ፣ ከነሻኛው፣ ለቀስተኛ ፊት ተዘረጋ።

ዝም። ጭጭ።

እማማ ቀድመው ነቁ። ሊሸፍኑልኝ ፈልገው ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። «ምን ታፈጣላችሁ? ለፋሲካ መፈሰኪያ የገዛው ነው!»

ሐጂ ሰዓታቸውን አዩ፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ ከዚያ ሥጋውን አዩ። «በዚህ ሙቀት? ፋሲካ እኮ ሚያዝያ 12 ነው።»

የሟች ልጅ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ለቅሶ መስሎኝ ላጽናናት ዞርኩ። እየሳቀች ነው። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ፈነዳ። እናቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ሐጂ ጾሜን አስፈታችሁኝ እያሉ ጎናቸውን ይይዛሉ። በዚያ መሀል ድመቶቹ የሚበዛውን እጅ ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ተሰወሩ። የተረፈውን እኔም አልፈለግኩትም።

ቤቴ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ባዶ ቦርሳዬን አይተው ማንም ምንም አልጠየቀም። ወሬው በሌላ ባጃጅ ቀድሞኝ ገብቷል። ባለቤቴም ከእኔ በፊት ሰምታ ሽሮውን ጥዳ ጨርሳለች።

በልተን ስናበቃ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ገለጡ። «አጀንዳ አንድ፣ የፓስተሩ ቦርሳ።»

«ይሄ እንዲመዘገብ አስፈላጊ ነው?» አልኩ። ወደ ድምፅ ቀረበ። አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ።

የባቡር ሠራተኛው ሐሳብ አቀረቡ። «ፓስተር ለቃሉና ለጸሎት ይትጋ። የሥጋ ግዢ ለዲያቆናት ይተላለፍ።» ተደገፈ፣ አለፈ።

«የሚቀጥለው ስብሰባስ የት ይሁን?» አሉ ጸሐፊው።

ባለቤቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። «እሳቸው ቤት» አለች፣ በአገጯ ወደ ባቡር ሠራተኛው እየጠቆመች። «ሥጋም እሳቸው ይግዙ።»

ሽማግሌ ስላልሆነች ድምፅ የላትም። ጸሐፊው ግን መጻፍ ጀምረው ነበር።